የኩሬው እርሾ

ሐሙስ ጠዋት ውባለም እንደ ወትሮዋ የጎማ ቦቲዋን አጠለቀች፤ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች፤ ለእናቷም «ኩሬሽን ማንም አይደፍነውም» ብላት ወጣች። ውባለም የቀበሌው የዓሣ ባለሙያ ናት። የበላይ ኃላፊዋ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ አሥራ ዘጠኙም ኩሬዎች በአፈር ይሞሉ ብሎ አዟል፤ እናቷ የምትተዳደርበት ኩሬም አልቀረላትም። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ፣ መዳፍ የሚሞላ ጥቁር እንቁራሪት፣ የዓሣ ጫጩቱን ሙልጭ አድርጎ እየበላ ከኩሬ ኩሬ ተዛምቶ ነበር። ውባለም ግን ትእዛዙ በተነገረበት ስብሰባ መሃል ብድግ ብላ፣ «የመጣበትን ኩሬ አገኘዋለሁ። የምትደፍኑት እሱን ብቻ ነው፤ ሌላውን በመረብ አጸዳዋለሁ» አለች። ኃላፊው ሳቀ። ሲሳቅባት ደግሞ ውባለምን የሚመልሳት የለም።

መነሻዋ እርሾው ነበር። በዚያ አገር አዲስ ኩሬ የቆፈረ ሰው ውሃ ሞልቶ ብቻ አይተወውም፤ ከሰነበተ ኩሬ አንድ ባልዲ ውሃ ለምኖ ይጨምርበታል። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ሁሉ ውሃም ያለ እርሾ ዓሣ አያሳድግም ይላሉ። እንግዲህ እንቁራሪቱ በባልዲ እንቁላል ሆኖ ከተጓዘ፣ ባልዲውን ወደ ኋላ መከተል ነው። ከማን ተቀበላችሁ እያሉ በየደጁ መጠየቅ!

የእትዬ አንጓች ኩሬ ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ነው። የሐምሌ ጭጋግ ከላዩ አልተነሣም፤ ውሃው የረጠበ አመድና የዛገ ብረት ይሸታል። እንቁራሪት ያለበት ውሃ ሰው ሲቀርበው ጭር ይላል፤ ይሄኛው ግን ቀድሞም ጭር ያለ ነበር። እነዚህ እንቁራሪቶች ሲጮኹ የሰማ ሰው የለም። ጠርዙ ላይ በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ ጉሮሯቸው ብቻ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ውባለም በግራ በኩል ስትዞር ሁሉም ወደ ግራ ዞሩ።

«እርሾውን ማን ሰጠዎት፣ እትዬ?»

«ከላይኛው ሰፈር፣ ከዘገየ ነው ያመጣሁት፣ የኔ ልጅ።»

ስሙ ሲጠራ ጉሮሮዎቹ በአንድነት ቆሙ፤ ሰው ወሬ ሲያዳምጥ ትንፋሹን እንደሚይዘው። ውባለም ቅር አላት፤ ቢሆንም ስሙን ጽፋ መንገዷን ቀጠለች።

ዳገቱን ሳታጋምስ ስልኳ ጮኸ። እትዬ አንጓች ነበሩ። «ውብዬ፣ ምን አደረግሽባቸው? አንድ እንኳ አልቀረም እኮ! እጅሽ ይባረክ!» ውባለም ሳቀች። ዘገየ ዘንድ ደርሳ ጠየቀች፤ ወደ ሌላ ሰው መራት። ከደጁ ስትርቅ እሱም ደወለ፤ የእሱም ኩሬ ባዶ ቀርቷል። እስከ ቀትር ስድስት ደጅ ረግጣ ስድስት የምርቃት ስልክ ተቀበለች። ደብተሯ ላይ «ሸሹ» ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ይህን ጊዜ ኃላፊው በኖረ!

ከኋላዋ ግን ነፋስ ሳይኖር ሣሩ ይንሿሿ ጀመር። ስትቆም ይቆማል፤ ስትራመድ ይከተላል። ዘወር ስትል የምታየው ጭጋግና የተኛ ሣር ብቻ ነው፤ ያ የአመድና የዛገ ብረት ሽታ ግን እዚህ ውሃ በሌለበት ዳገት ላይ አፍንጫዋን ሞላው። ፈራች። መፍራቷ ደግሞ አናደዳት። «አልመለስም!» አለች ጮክ ብላ፤ ለማን እንዳለች ግን አላወቀችም።

የመጨረሻው ስም አባ ጥጋቡ ነበር፤ ኮረብታው አናት ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ግቢያቸው ውስጥ ኩሬ የለም። በኩሬ ፈንታ አውድማ የሚያህል የድንጋይ ክምር አለ።

«ኩሬዎ የት አለ፣ አባ?»

«ከድንጋዩ ሥር ነው። ከደፈንሁት አሥራ አንድ ዓመቱ» አሉ። «ሥሩ ያለውን አይቼ ነው የደፈንሁት። ግና አስቀድሜ አንድ ባልዲ ለሰው ሰጥቼ ኑሯል። እዚህ ማን አመጣሽ?»

«እርሾውን ማን እንደሰጠ እየጠየቅሁ ነው የመጣሁት።»

አባ ጥጋቡ ትክ ብለው አዩዋት። «በእነሱ ፊት ነው የጠየቅሽው?»

ውባለም ወደ መጣችበት ዳገት ዘወር አለች።

«ከዚህ ያወጣቸው ሰው ነው፣ በባልዲ። መመለሻውን አያውቁትም ነበር፣ ልጄ። መንገዱን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነበር» አሉና ገብተው በራቸውን ቀረቀሩ።

አጥሩ ዙሪያ ሣሩ ጠቆረ። ከስድስቱም ኩሬ የመጡት በአጥሩ ሥር እየሾለኩ ግቢውን ሞሉት። ውባለም እናቷ ትዝ አለቻትና ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ እግሯን አንፈራጥጣ ቆመች። «እንኳን መጣችሁ! እዚሁ አንድ ላይ እደፍናችኋለሁ! የእናቴን ኩሬ አላስነካም!»

እንቁራሪቶቹ ክምሩን ከበው ተቀመጡ። ጠዋት ሙሉ ዓይናቸውን ከእሷ ያልነቀሉት፣ አሁን አንዱም አላያትም፤ ሁሉም የሚያዩት ከቦቲዋ ሥር ያለውን ድንጋይ ነበር። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ ጮኹ፤ ከድንጋዩም ሥር፣ እግሯን እያንዘረዘረ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ መለሰላቸው።