የሚኒስትሩ መልእክቶችና የዩና ጌዴስ ሞት

ዩና ጌዴስ የሞተችው ሐሙስ ምሽት ነው፤ የተገኘችው ግን ዓርብ ጠዋት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ኤድንብራ ባለው የሚኒስትሩ ቢሮ የኋላ ደረጃ ግርጌ፣ ድንጋዩ ላይ አንገቷ ተጣሞ አገኘቻት። አንድ እግር ጫማዋ እላይ ቀርቷል።

ዩና የጤና ሚኒስትሩ የራናልድ ኪንሎክ ጸሐፊ ነበረች። በዚያው ዓርብ፣ ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሚኒስትሩ በወረርሽኙ ወራት በግል ስልካቸው የተጻጻፉት ሁሉ ለሕዝብ እንዲከፈት ታዝዞ ነበር። ትእዛዙን ያስወጣችው ኤፊ ታረል የምትባል የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ልጇ ሞርቨን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ያለ ጭምብል ስትሠራ በበሽታው ተይዛ በሃያ አራት ዓመቷ ሞተች። እናትየዋ ሦስት ዓመት የተሟገተችው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፦ ጭምብል አለመኖሩን ሚኒስትሩ ያውቁ ነበር ወይ?

ኢንስፔክተር ግሪዝል ሞንኩር አስከሬኑን አይታ ወደ ሚኒስትሩ ወጣች።

«አሳዛኝ አደጋ ነው» አሉ ኪንሎክ። «ደክሟት ነበር። ዛሬ የሚከፈተውን የመልእክቶቹን ሦስተኛና የመጨረሻ ጥራዝ ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከራሷ ኮምፒውተር ልካለች፤ ግልባጩ ለእኔም ደርሶኛል። ከዚያ ስትወርድ አዳልጧት ይሆናል።»

«ሐኪሙ ስትወድቅ ፊቷ ወደ ደረጃው ራስ ነበር ይላል። ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ደረጃ የሚወርድ ሰው አላየሁም።»

ሚኒስትሩ በጣታቸው ወደ ታች አመለከቱ። «እንግዲያው ታረል የምትባለዋን ሴትዮ ያዟት። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ስትጮህባት ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ኤፊ ታረል ታች፣ ዘበኞቹ ክፍል ነበረች። ቀትር እስኪደርስ ልትጠብቅ ከማለዳ ጀምሮ መጥታ ተቀምጣለች።

«ጮኸውባት ነበር?»

«ጮኼባታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ፣ ነገ እያሉ ሲያመላልሱኝ ምን ላድርግ? እሷ ግን እጄን ያዘችና ‹ነገ ሁሉንም ያነባሉ፤ አንድም ገጽ አይጎድልም› አለችኝ። እሷን ገድዬ ምን ላነብ ነው?»

የሚኒስትሩ አማካሪ ፊንሌ ስትራካን ጠረጴዛ ላይ እግሩን ሰቅሎ ብስኩት ይበላ ነበር።

«መልእክቶቹ ውስጥ የእርስዎም አሉ?» አለች ሞንኩር።

«በየገጹ። አብዛኛው ስድብ ነው።»

«አላጠፏቸውም?»

«ሚኒስትሩ በየማታው ያጠፋሉ። እኔ ሰነፍ ነኝ፤ ጥርሴንም በየማታው አልቦርሽም።»

«ጥራዙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በጥቁር ቀለም የሚሸፈነውስ ምኑ ነው?»

«እኔ እንጃ። የሚያሳፍረን መስሎኝ። ሚኒስትሩም ‹ይሄን ለምን ሸፈናችሁ፣ ያንን ለምን ተዋችሁ› እያሉ ሲነዘንዙ ነው የሚውሉት። እሱን ዩናና ፒሪ ያውቁት ነበር።»

ዱጋልድ ፒሪ መረጃ ለሕዝብ የሚሰጠው ክፍል ኃላፊ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ቀርቶታል። ለሞንኩር ሻይ ቀዳላት።

«ደንቡ ቀላል ነው እመቤቴ። የሚኒስትርና የአማካሪ ስም ይታያል። የበታች ሠራተኛ ስም ይሸፈናል፤ ሰው ቤታቸው ድረስ ሄዶ እንዳያስቸግራቸው።»

«የዩናም?»

«ሁልጊዜ። ራሷ ናት የምትቀባው።»

«የሞተ ሰው ስምስ?»

«ሙታን አይሸፈኑም። ሕጉ የሚጠብቀው ሕያዋንን ነው።»

«የትናንቱን ጥራዝ አይተውታል?»

«አላየሁትም። ብቻዋን ነው ያዘጋጀችው። እኔ ቀደም ብዬ ወጥቻለሁ።»

ሞንኩር ቀደም ሲል የወጡትን ሁለት ጥራዞችና የትናንቱን አስመጥታ አንድ ሰዓት ያህል አነበበች። ከዚያ ወደ ስትራካን ተመልሳ ስልኩን ተቀበለችው።

ለቀትር አንድ ሰዓት ሲቀር ሁሉም በስብሰባው ክፍል ተቀመጡ። ኤፊ በሩ አጠገብ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

«በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥራዞች» አለች ሞንኩር «የዩና ስም በየቦታው ጠቁሯል። በሦስተኛው ግን አሥራ አንድ ቦታ ላይ ፊት ለፊት ይታያል።»

«ረስታው ይሆናል» አለ ስትራካን።

«የሌሎቹን ስድስት ሠራተኞች ስም አንድም ቦታ ሳትረሳ? ይህን ጥራዝ ያዘጋጀው ሰው ሁሉንም እንደ ደንቡ ሸፍኖ የዩናን ብቻ ትቷል። ምክንያቱም ዩና ሞታለች፤ የሞተ ሰው ደግሞ አይሸፈንም። ጥራዙ የተላከው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አስከሬኗ የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። ታዲያ ትናንት መሞቷን ማን ያውቅ ነበር?»

ሞንኩር ጥራዙን ዘጋችው።

«አቶ ስትራካን ደንቡን አያውቁትም። ሚኒስትሩም አያውቁትም። ወይዘሮ ታረል ኮምፒውተሩ አጠገብ አልደረሱም። ከዩና ሌላ ደንቡን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።»

ፒሪ የሸሚዙን እጀታ አስተካከለ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ስም እንኳ አልተሳሳትኩም» አለ።

«ትናንትም አልተሳሳቱም።»

ምክንያቱንም ነገረቻቸው። በወረርሽኙ ወቅት በአንዱ ሳምንት ጥራዙ ከሰኞ ወደ ረቡዕ ይዘላል፤ የማክሰኞው ገጽ ተነቅሏል። ዩና መልእክቶቹን የገለበጠችው ከራሷ ስልክ ነበር፤ እሱም ጠፍቷል። መልእክቱ ለአራቱም በአንድነት ይደርስ ስለነበር የስትራካን ስልክ ላይ ግን ማክሰኞ አለች። በዚያ ቀን ፒሪ ለሚኒስትሩ እንዲህ ሲል ጽፎላቸዋል፦ «በየማታው ያጥፉት። ከሌለ ማንም ሊጠይቅ አይችልም።» መዝገብ መክፈት ሥራው የሆነ ሰው መደበቅን መክሮ ተገኘ፤ በአገሩ ሕግ ያስከስሳል። ፒሪ ገጹን ከጥራዙ እንድትነቅለው ዩናን ለመናት፤ እምቢ ብላ ልትወርድ ስትል ስሟን ጠራ። ዞረች።

«እኔ ስለዚህ የማውቀው ነገር የለም» አሉ ሚኒስትሩ።

«እኔ የመጣሁት የምታውቀውን ልጠይቅህ ነው» አለች ኤፊ። ወደ ሞንኩር ዞረች። «የጭምብሉስ ነገር? እሱም በዚያው ገጽ ነው?»

ሞንኩር ስልኩን አየች። ዩና ጽፋለች፦ «መጦሪያው ጭምብል የለውም። አንዲት ሠራተኛ ታማለች። ምን ልበላቸው?» ከሥሩ የሚኒስትሩ መልስ፦ «ኳስ እያየሁ ነው። ነገ አስታውሺኝ።»

«በዚያው ገጽ ነው» አለች።

«ያንብቡልኝ።»

«አይችሉም» አለ ፒሪ። አንዱ ፖሊስ እጁን በካቴና እያሰረው ነበር፤ ድምፁ ሻይ ሲቀዳ የነበረው ድምፅ ነው። «ያ ስልክ ከአሁን ጀምሮ የግድያ ማስረጃ ነው። ችሎቱ እስኪዘጋ ለሕዝብ አይከፈትም። የቀትሩም ትእዛዝ እሱን አይነካም።»

ሚኒስትሩ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ።

«እውነቱን ነው?» አለች ኤፊ።

«እውነቱን ነው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ይግባኝ ከጠየቀ ሌላ ሦስት ዓመት።»

«እጠይቃለሁ» አለ ፒሪ።

ኤፊ ጣቶቿን አጣጥፋ ትንሽ አሰበች። «ያቺ ጸሐፊ ባትሞት ኖሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ አነበው ነበር።»

ሞንኩር ስልኩን በሚያሳይ የላስቲክ ከረጢት ከትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ቀኑን ልትጽፍበት እስክሪብቶ ፈለገች። የስልኩ መስታወት ብርሃን ገና አልጠፋም፤ ፊደሎቹ ይታያሉ። ኤፊ መነጽሯን ከካፖርቷ አውጥታ አደረገች፤ ተነስታም ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች።

ሞንኩር ከረጢቱን በግንባሩ ደፋችው።