ከጠረጴዛዋ ፊት የተጎለተው ቁስለኛ

ናዊልን በየጠዋቱ ከአልጋው አንስተው ቢሮ የሚያስቀምጡት ሁለት የሥራ ጓደኞቹ ነበሩ። አንዱ ብብቱን ይይዛል፤ ሌላው በጀሶ የታሰረ እግሩን እንደ እንቁላል ተሸክሞ ፒክአፑ ውስጥ ያስገባዋል። በኮረኮንቹ መንገድ እያንገጫገጩ ወስደው፣ ነዳጅ ጉድጓዶቹ መሀል ካለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ያኖሩታል።

በእኛ የነዳጅ ከተማ፣ በኮሞዶሮ፣ ይህ ማንንም አይገርምም። ጉድጓድ ላይ የተጎዳ ሰው በማግስቱ ሥራ ከገባ፣ እያቃሰተም ቢሆን፣ አደጋው «ቀላል» ተብሎ ይታለፋል። ከቀረ ግን የጉድጓዶቹ ባለቤት ለሆነው፣ ቦነስ አይረስ ላለው ትልቁ ኩባንያ ይነገራል፤ ሠራተኞቹን የቀጠረው ኮንትራክተርም ሥራውን ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ቁስለኛ ሁሉ ቢሮ ይጎለታል።

ናዊል የተጎለተው ከሬናታ ፊት ለፊት ነው። ሬናታ የሥራ ላይ ደኅንነት ሠራተኛ ናት፤ አደጋ የምትመዘግበውም ወደ ላይ የምታሳውቀውም እሷ ነች። የብረት ቧንቧ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ሲሰብረው፣ ፊቱን እንኳ ሳታየው ነበር «ቀላል» ብላ የጻፈችው።

«እና እኔ እዚህ ምን ልሥራ?» አላት የመጀመሪያ ቀን።

«እርሳስ ቅረጽ።»

«ቀርጬ ስጨርስስ?»

«ሰብረህ እንደገና ቅረጽ። ደሞዝህ እንደሆነ አይቆምም።»

«ለካ እዚህ ቤት ሰው የሚያልፍለት ሲሰበር ነው!»

ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። እሱም ማዞሯን አየ።

ከዚያ በኋላ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በአንድ ቅል፣ በአንድ መምጠጫ እየተቀባበሉ መጠጣት ያዙ። አገሩ ሁሉ የሚጠጣው እንደዚሁ ነው። ሬናታ ግን ከእሱ እጅ በተቀበለች ቁጥር ከንፈሯን ከመምጠጫው ለማንሳት ትዘገያለች። እሱ እርሳሱን መቅረጽ ረስቶ ያያታል። ከውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

አንድ ጠዋት ስልክ ጮኸ። ሐኪሙ ነበር።

«ያ ልጅ አሁንም ሥራ ይመጣል እንዴ? ቁስሉ ውስጥ ለውስጥ እያመረቀዘ መሆኑን ምርመራው ዛሬ ነገረኝ። ከዛሬ ጀምሮ እግሩን ሰቅሎ ይተኛ። እምቢ ካለ ይቆረጣል። ትነግሪዋለሽ?»

«እሺ ዶክተር።»

«ማነው?» አላት ናዊል፣ ስልኩን ስትዘጋ።

«ማንም አይደለም።»

ለፒክአፑ ሾፌር «ነገ እንዳታመጣው» ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። አለቃዋን ኦርላንዶን ፈርታ ነው ብንል ለእኛም ይቀለን ነበር፤ በእርግጥ የሚያስፈራ ሰው ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ናዊል ቤቱ ከተኛ ያ ወንበር ባዶ ይሆናል። ቤቱ ሄዳ ልትጠይቀው አትችልም ነበር ወይ? ትችል ነበር። ግን ገና ምንም አልተባባሉም፣ ሳይጠራት መሄድ አፈረች። ነገ እነግረዋለሁ አለች። በነጋታውም ያንኑ አለች። ፍቅር ዕውር ነው ይላሉ፤ የሬናታ ፍቅር ግን ቁስሉን በየቀኑ እያየ ዝም የሚል ነበር።

በዚያው ሳምንት ትልቁ ኩባንያ የሽልማት በግ ላከ። በጉን ብረት ላይ ዘርግተው በእሳት ዙሪያ አቆሙት፤ ኦርላንዶ ብርጭቆውን አነሳ።

«አንድም ቁስለኛ ላልነበረበት ዓመት!»

ሁሉም አጨበጨበ። ናዊልም ሊያጨበጭብ ሲል ምርኩዙ ወደቀበት።

«አጨብጭብ እንጂ፣ ያንተም በግ ነው!» አሉት፤ ሳቁ ቀለጠ።

ሬናታ ምርኩዙን ስታቀብለው እጁ ፍም ሆኖ አገኘችው።

«ትኩሳት አለህ።»

«ከእሳቱ ነው።»

«ያምሃል?»

«ያመኛል ብል ቤት ልታስተኚኝ አይደል? አያመኝም።»

ሥጋው ተበልቶ ሳያልቅ ናዊል ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ሬናታ ልትጠይቀው ስትገባ ፈገግ አለላት። ይሄ ነው የገደላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «ሕመሙን ደበቅሁሽ። ቤት ከዋልሁ አላይሽም ብዬ።»

ዝም ብትል ኖሮ ያገባት ነበር። ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል።

«ናዊል፣ ሐኪሙ ደውሎልኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ከበጉ በፊት። ካልተኛ ይቆረጣል ብሎኝ ነበር።»

«ኦርላንዶ ነዋ የከለከለሽ! እሱ ነው አይደል?» አላት፣ እንድትዋሸው እየለመናት።

«እሱ አልሰማም። እኔ ነኝ። እኔም አላይህም ብዬ ነው።»

ናዊል ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ ሲያይ ቆየ።

«እኔ ለፍቅሬ የራሴን እግር ነው የሰጠሁት» አላት በመጨረሻ። «አንቺ የሰጠሽው የሰው እግር ነው።»

«ይቅር በለኝ።»

«ውጪልኝ፣ ሬናታ።»

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ቢሮ ሄደች፤ አደጋውን፣ እንዴት እንደተድበሰበሰም ጭምር፣ ለትልቁ ኩባንያ አሳወቀች። ምክንያቱን ስትጽፍ ኦርላንዶ በትከሻዋ በኩል አነበበ።

«አብደሻል? ምክንያት የሚለው ላይ ቧንቧ ነው የሚጻፈው። ሰው አይጻፍም።»

«ይሄኛውን ሰው ነው ያደረገው» አለች፤ የራሷን ስም ጽፋ ላከችው።

ኮንትራክተሩ ሥራውን ተነጠቀ። በጉን የበሉት ሁሉ ሥራ ፈቱ፤ የረገሙትም ኦርላንዶን ሳይሆን እሷን ነው። ናዊል በዚያ ሪፖርት የተነሳ ጡረታው ተከበረለት። አንድ ቀን እንኳ አመስግኗት አያውቅም።

አንዴ ገበያ ውስጥ፣ በጠባቧ መተላለፊያ፣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሬናታ ቆመች። እሱ ምርኩዙን አስተካከለ፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ ግድግዳውን ተጠጋና እንድታልፍ መንገድ ለቀቀላት። አለፈች።