የፎጣው ቦታ

ጡረተኛዋ መምህርት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ሲገኙ፣ የግድግዳው የብረት መደገፊያ ባንድ ጫፉ ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ጭንቅላታቸው የመታጠቢያውን ጠርዝ መትቶ ሕይወታቸው አልፏል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ግድግዳውን አየች። በክብደት ተስቦ የተነቀለ ብሎን ልስኑን ይዞ ይወጣል። እዚህ ግን ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ነበሩ፤ ሁለቱ ብሎኖችም የሉም።

ጠዋት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን ጠየቀችው።

«መደገፊያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቀጥሎ እናትየዋን የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያለማምዳቸው ፊዚዮቴራፒስት መጣ። «ምርመራው የአጥንት መሳሳት ካሳየ ወዲህ ሥራችን እንዳይወድቁ ማድረግ ነበር። ምንጣፉን አነሳን፣ መብራት ጨመርን፣ ኪኒናቸውን ጀመሩ። ሚዛን መጠበቅ አለማመድኳቸው። መደገፊያውንም ትናንት ከሰዓት ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ሞክሬዋለሁ፤ ንቅንቅ አላለም።»

«ያለ ሰው ይሄዱ ነበር?»

«ከወር ወዲህ፣ አዎ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም።»

ትልቋ ልጅ ወጥ ቤት ተቀምጣለች፤ አላለቀሰችም። «ዘጠኝ ዓመት የኔን ክንድ ይዛ ነው የሄደችው» አለች። «ይሄ ፊዚዮቴራፒስት ከመጣ ወዲህ ‹ተዪኝ፣ ራሴ› ሆነ ነገሩ። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ስለሱ ነው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ዛሬ ጠዋት የእናታችሁን ፎጣ የሰቀለው ማነው?»

ፊዚዮቴራፒስቱ ግንባሩን አሸት አደረገ። «አንዳንዴ አቀብላቸዋለሁ። ምናልባት እኔ…»

«አንተ?» አለች ትልቋ ልጅ ከአፉ ነጥቃ። «የእናቴን ፎጣ ከኔ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ዛሬም የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ሁልጊዜ የሚሰቀለው የት ነው?»

«መደገፊያው ላይ» አለ ወንድሟ።

«ዛሬ ግን በሩ ላይ፣ ሚስማር ላይ ነው ያገኘሁት» አለች መርማሪዋ። «ብሎኖቹ በእጅ ተፈትተዋል፤ የተፈቱትም ትናንት ከተሞከረ በኋላ ነው። የፈታው ሰው ፎጣ ቢሰቀልበት እንኳ መደገፊያው እንደሚዘም ያውቃል። እርስዎም እናትዎ ከመያዛቸው በፊት እንዳይነቃብዎ ፎጣውን ሌላ ቦታ ሰቀሉት።»

ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ?»

እሷ ከሽርጧ ኪስ ሁለት ብሎኖች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እንድትሞት ብዬ አይደለም» አለች። «ሲነቀነቅባት ደንግጣ እንድትጠራኝ ነው። እንደ ድሮው ‹ልጄ፣ ነይ ያዢኝ› እንድትለኝ። በሩ ጋ ቆሜ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ጠሩዎት?» አለቻት መርማሪዋ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ሴትዮዋ ፊዚዮቴራፒስቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱን ጠራች» አለች።