ጉድለት ቆጣሪዋ

ኦወን ሊንድግሬን በሕይወቱ ዋጋ ተከራክሮ አያውቅም ነበር። ሻጭ መቶ ካለው መቶ ይከፍላል፤ ሻጩ ቅር ያለው ከመሰለው ደግሞ መልሱን ትቶለት ይወጣል። ያደገው ሮክፎርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። እናቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወቱ፣ ያረረ ዳቦ ቢቀርብላቸው እንኳ «ደህና ተጠብሷል» ብለው የሚበሉ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ያገለገለ ዕቃ ገበያ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

የገባበትም በአጎቱ ምክንያት ነው። አጎቱ ሲሞቱ በርዊን ከተማ ውስጥ ያለውን በሳንቲም የሚሠራ ላውንደሪ ቤታቸውን አወረሱት። ሰዎች ልብሳቸው እስኪታጠብ ድረስ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ሲቀመጡ ሲያይ አንጀቱን በሉት። ጥግ ጥጉ ላይ ፒንቦል የሚባለውን የመጫወቻ ማሽን ላቁምላቸው ብሎ ቆረጠ። የብረቷ ኳስ መስታወት ሥር እየተንከባለለች ደወል ታስጮሃለች፤ ተጫዋቹ በሁለቱ ክንፎች እየመታ ወደ ላይ ይመልሳታል፤ የልብስ ማጠቢያው መቼ እንደቆመ እንኳ አይሰማም። ኦወን ልጅ ሳለ እንዲያ ነበር የሚረሳው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማስታወቂያ አይቶ ወደ ወይዘሮ ህሩስካ ምድር ቤት ወረደ። ማሽኗ የሰርከሷ ንግሥት ትባላለች። የጀርባዋ መስታወት ላይ በነጭ ፈረስ ላይ የቆመች ሴት ተስላለች።

«አቤት ውበት!» አለ ገና ደረጃውን ሳይጨርስ። «አቤት፣ አቤት! እንዴት ታምራለች!»

ከኋላው አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ዞር ሲል ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የጂንስ ጃኬት የለበሰች፣ የእጅ ባትሪ የያዘች ወጣት ቆማለች። ሎሬታ ኩቢያክ ነበረች። ከአባቷ ጋር ጎረቤት ከተማ ሲሴሮ ውስጥ ያገለገሉ ፒንቦሎች እየገዙ፣ እየጠገኑ ይሸጣሉ።

«ጉድ ሠራኸኝ» አለችው በሹክሹክታ።

«እኔ? ምን አደረግኩ?»

«አሞገስካታ! አሁን ማን ዋጋ ይቀንሳል?»

ከዚያ አልፋው ሄደች። የፊቱን ብረት ነቅላ መስታወቱን አወጣችና የእጅ ባትሪዋን አበራች። ኦወን ሰው እንዲህ ሲያይ አይቶ አያውቅም። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትቸኩል፣ ፊቷ ላይ አንዳች ሳይነበብ።

«ይሄ ጎን መስኮት ፊት ኖሯል፤ ፀሐይ ቀለሙን በልቶታል» አለች። «ሥዕሉ ከጀርባ እየተላጠ ነው። እዚህ መሐል ላይ ኳሷ ተመላልሳበት እንጨቱ ወጥቷል።» አጎንብሳ አሸተተች። «አንዱ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሏል።» የጀርባውን ሣጥን ከፈተች። «ይኸውልህ! የባትሪ ድንጋዮቹ ፈስሰው የኤሌክትሪክ ቦርዱን አረንጓዴ አድርገውታል።»

ወይዘሮ ህሩስካ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። «ሟቹ ባሌ ኤዲዬ የሚነዳውን አውቶቡስ አቁሞ ሲመጣ ከእራት በፊት አንድ ዙር ሳይጫወት አይውልም ነበር» አሉ። የጠሩት ዋጋ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነው።

«ወይዘሮ ህሩስካ፣ አልዋሽዎትም» አለች ሎሬታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምንም ያልነካት ብትሆን የጠሩት ዋጋ ልክ ነበር። ግን ቦርዱን ማሳደሻ፣ ሥዕሉን ማዳኛ ከላዩ ይነሳል። ሁለት ሺህ እሰጥዎታለሁ። ሌላ ሰው ከዚህ ያነሰ ቢልዎት ያባሩት።»

የወይዘሮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ኦወን ያንን አይቶ የሚችል ሰው አልነበረም።

«በጠሩት ዋጋ እኔ ወስጃታለሁ!» አለ።

ሎሬታ ዞር ብላ አየችው። ትቆጣኛለች፣ ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን በዚያች የእጅ ባትሪ ፊቱን ልታበራው የፈለገች ይመስል ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«በል አንተ በሥር በኩል ያዝ» አለችው። «ደረጃው ላይ እንኳ ሞኝነትህ ይጥቀመን።»

ማሽኗ ላውንደሪው ደርሳ ስትሰካ አልበራችም። ሰኞ ዕለት ሎሬታ መበየጃዋን ይዛ መጣች። ቦርዱን አውጥታ የተበላውን ስትጠርግ፣ አዲስ ሽቦ ስትበይድ ዋለች፤ ኦወን ፎጣ እያጠፈ ከጎኗ አልጠፋም። ወደ ማታ የፈረሰኛዋ መብራት ቦግ ሲል አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ስንት ልክፈልሽ?»

«ምንም። ለወይዘሮዋ የከፈልከው ትርፍ ለእኔም ይበቃል» አለችና ዕቃዋን ሰበሰበች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። «ሌላ ልትገዛ ነው?»

«ሦስት።»

«ብቻህን እንዳትሄድ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። በዚያ ጸደይና በዚያ በጋ፣ እሑድ እሑድ በኦወን ቫን መኪና ወደ ጆሊየት ከተማ ሄዱ፣ ወደ ራሲን ሄዱ፣ የማያውቁት ሰው ጋራዥ ውስጥ ተንበረከኩ። ሎሬታ አስተማረችው። መጀመሪያ ፀሐይ የመታው ጎን፣ ቀጥሎ መስታወቱን ማንሳት፣ ቀጥሎ ማሽተት። ማሽኗ ጤነኛ ብትሆን የምታወጣውን በልብ መያዝ፣ ከዚያ የጥገናውን መቀነስ፤ የሻጩን እንባ አለመደመር፣ የራስንም ፍላጎት አለመደመር።

«ዋናው ፊትህ ነው» ትለዋለች። «ደስ ሲልህ እንደ ገና ዛፍ ትበራለህ። ዝጋው!»

ኦወን ሁሉን ተማረ፣ ፊቱን መዝጋት ብቻ አቃተው። ራሲን ውስጥ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ማሽኑን ሲያሳያቸው፣ ደስታውን ሊደብቅ ከንፈሩን ነክሶ ነክሶ፣ ሰውየው «ወንድሜ፣ ጥርስህን ነው የሚያምህ?» አለው። ሎሬታ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። ቫኑ ውስጥ ገብተው በሩ እንደተዘጋ ሳቋ ፈነዳ፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኦወን የዚያን ቀን ልቡ ከእሱ ጋር አልተመለሰም።

እሷ ግን ስለ እሱ ደግ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ቫኑ እርጥብ ፎጣ ይሸታል ትላለች። ፀጉሩን የቆረጠው ሰው ይታሰር ትላለች። መሪ ሲይዝ የሚያንጎራጉረውን ዜማ እንደምትወልድ ላም እየጮኸች ትደግመዋለች። ይስቅላታል። ቤቱ ሲገባ ግን ለምን ይሆን አንድ ቀን እንኳ መልካም ነገር የማታይብኝ እያለ ያስባል።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ኬኖሻ ውስጥ የመጨረሻዋን ማሽን ገዝተው ቫኑ ላይ ጫኑና የተጠበሰ ዓሣ ሊበሉ ምግብ ቤት ገቡ። ሎሬታ እንደ ልማዷ ከእሱ ሳህን ድንች እያነሳች ትበላለች። ኦወን ግን ሹካውን አላነሳም። ከነገ ወዲያ እሑድ የሚሄዱበት የለም። ከእንግዲህ ሰበብ አልቀረም፣ ዛሬ ካልተናገረ መቼም አይናገርም።

«ሎሬታ» አለ።

«ጨው አነሰው» አለች።

«ሎሬታ፣ እወድሻለሁ። ስለ ዓሣው አይደለም የማወራው። አንቺስ ስለ እኔ ምን ታስቢያለሽ?»

ሹካዋን አስቀመጠች። ከዚያ ልክ ምድር ቤት ውስጥ ማሽኗን እንዳየቻት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሳትቸኩል አየችው። ጆሮዋ ቀልቷል።

«ሁሌ ታረፍዳለህ» አለች። «ከከፈልክ በኋላ ነው የምታየው። ለማንም እምቢ ማለት አትችልም፤ ባለፈው የተሰበረ ጃንጥላ ገዝተሃል። ትዘፍናለህ፣ ዜማው ዜማ አይደለም። የሸሚዝህን ቁልፍ አዛንፈህ ነው የምትቆልፈው፣ አሁንም አዛንፈሃል። ሳታስብ ትናገራለህ። ደግሞ…»

ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኦወን ግን ቃሉን እንጂ ድምፁን አልሰማም። እናቱ ቤት ሰው እንዲህ ከተባለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

«ገባኝ» አለ። እጁን አንስቶ ሂሳብ ጠየቀ።

ሎሬታ የቀረውን ድንች ሳትነካ ተነሳች። እስከ ሲሴሮ ድረስ ኦወን አልዘፈነም።

መስከረም ገባ። አራቱ ማሽኖች ተደርድረው ላውንደሪው በሳቅና በደወል ተሞላ፤ ባለቤቱ ግን እንደታመመ ሰው ሆነ። የሰርከሷ ንግሥት የግራ ክንፍ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሲል እንኳ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጠፈባት እንጂ ስልክ አልደወለም። ድምፅዋን ብሰማ አለቅሳለሁ ብሎ ፈራ። ናፍቃው ነበር፤ ስድቧ ጭምር ናፍቆት ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ የሎሬታ አባት አቶ ካዝ ኩቢያክ የመፍቻ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ወፍራም፣ ጉልበታቸው የሚያስቸግራቸው፣ ሰላምታ የማይወዱ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን ምን አደረግሃት?» አሉት። «አንድ ማሽን ፈታ መግጠም አቅቷታል። ብሎን እጇ ላይ ይዛ ግድግዳ ታያለች።»

«እኔ ምንም አላደረግኳት፣ አቶ ኩቢያክ። እወድሻለሁ አልኳት። እሷ አልፈለገችኝም።»

«አልፈልግህም አለችህ?»

«ጉድለቴን ቆጠረችልኝ። አንድ በአንድ።»

አቶ ካዝ ሣጥናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «አንድ በአንድ?»

«እስከ ሸሚዜ ቁልፍ ድረስ።»

ሰውየው መጀመሪያ አተኩረው አዩት። ከዚያ ማድረቂያው ላይ ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ፎጣ የሚያጥፉት ሴቶች ሁሉ ዞረው ተመለከቱ።

«አይ አንተ ሞኝ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሱቄ ገብቶ ‹እንዴት ያምራል፣ እግዜር ይስጥልኝ› የሚለኝን ሰው እንዴት እንደማየው ታውቃለህ? ተነስቼ በሩን እከፍትለታለሁ፤ እየሄደ ነዋ! ተንበርክኮ ‹ይሄ ተላጧል፣ ያ ተቃጥሏል› ማለት የጀመረ ጊዜ ግን ወንበር አቀርብለታለሁ። እሱ ገንዘቡን ይዞ ነው የመጣው። ማሽኗን በልቡ ቤቱ አስገብቶ፣ የት ጥግ እንደሚያቆማት ሳይቀር አስቧል። ልጄ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው። ሌላ ቋንቋ ማን አስተማራት?»

ኦወን የያዘው ፎጣ ከእጁ ወደቀ።

«ከኦክ ፓርክ አንድ የጥርስ ሐኪም ይመጣላት ነበር» ቀጠሉ አቶ ካዝ። «አበባ ይዞ፣ ተለባብሶ። ምን አለችው መሰለህ? ‹በጣም ጥሩ ሰው ነህ።› አለቀ። ወዲያው ገባኝ፣ ምስኪን ሰውዬ! አንተስ? ስትቆጥርልህ ምን መለስክላት?»

«ገባኝ አልኩና ሂሳብ ከፈልኩ።»

«በል ተመልከት! ገዢ ጉድለት ቆጥሮ ሳይጨርስ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ሄደ! አልሸጥም አልካት እኮ!»

ኦወን ቀሪውን አልሰማም። ላውንደሪውን ለአቶ ካዝ ጥሎ ወጣ።

ሲሴሮ ሲደርስ ሱቁ በር ክፍት ነው። ሎሬታ ግማሽ አካሏ አንድ ማሽን ሥር ገብቷል፤ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ጠፍጣፋውን መፍቻ አቀብለኝ» አለች።

ኦወን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእጅ ባትሪ አነሳ። በዕድሜው ሙሉ ስለ ማንም ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ተንበረከከና አበራ። የሎሬታ ፊት ግራሶ እንደተቀባ ብርሃኑ ውስጥ ታየ።

«ስልክ ስታነሺ ‹ምን ፈለግህ› ነው የምትዪው» አለ።

እሷ ዓይኗን አፈጠጠች። አልተነቃነቀችም።

«ምሳ አልፈልግም ትዪና የሰው ድንች ትጨርሻለሽ። አባትሽ ላይ ትጮሂያለሽ። እየሳቅሽ እንደሆነ እንዳይታይብሽ ወደ ግድግዳ ትዞሪያለሽ፤ ያንን ሳቅ ከሰው ትደብቂያለሽ፣ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው። ደግሞ… ደግሞ…» ድምፁ ተቆረጠ። «አለቀብኝ። ሌላ አጣሁ፣ ሎሬታ።»

«በደንብ አላየህም» አለች ቀስ ብላ። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ግራሶው ላይ መንገድ አወጣ። «ዋናውን ዘለልከው። እወድሃለሁ ማለት አልችልም። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ለሚወዱኝ ሰዎች አንዴም ብያቸው አላውቅም።»

«አሁን አልሽው እኮ።»

«ማሽን ሥር ሆኜ ነው፣ አይቆጠርም።»

«እንግዲያው ነይ ውጪ።»

ወጣች። ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ተነካካ።

«እወድሃለሁ» አለች፣ ጥርስ እንደሚነቀልባት ሰው ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ገለጠችው። «ባለህበት ሁኔታ እወስድሃለሁ። ዘፈንህንም ጭምር። መመለስ የለም።»

በእነሱ ገበያ ውል የሚታሠረው በመጨባበጥ ነው። እጇን ዘረጋች፣ እሱም ዘረጋ። እጁ በግራሶ ተበላሸ። አልተላቀቁም።

የሰርከሷ ንግሥት ዛሬም ላውንደሪው ጥግ ላይ ናት፤ ክንፏም ተስተካክሏል። ወይዘሮ ህሩስካ ቤታቸው ማጠቢያ እያላቸው አንዲት የትራስ ልብስ ይዘው ይመጡና እስክትታጠብ አንድ ዙር፣ አንዳንዴም ሦስት ዙር ይጫወታሉ። ልብስ ሊያጥብ የገባ ሰው «እንዴት ታምራለች!» ሲል ሎሬታ ከምትበይደው ቀና አትልም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ቁጢጥ ይልና ግራ ጎኗን ያያል፤ ጣቱን በተላጠው ላይ ይጎትትና «ይሄን ፀሐይ በልቶታል እኮ» ይላል። ያን ጊዜ ሎሬታ መበየጃዋን ጥላ ብድግ ትላለች።

«አትሸጥም!»

ሰውየው ግራ ይጋባል፤ ዋጋ እንኳ አልጠየቀም። ከማድረቂያዎቹ ኋላ ያ ዜማ ያልሆነው ዜማ ይቋረጥና የኦወን ሳቅ ይሰማል።