በያርኖ ስም ያወረድኳቸው ስድስት ቁራጮች

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

"እውነት ነው ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ካለ ከአሁኑ ይለፈኝ። ይህን የኮምፒውተር ማስታወቂያ ሰሌዳ ከምታነቡት ግማሾቻችሁ አንድ ፕሮግራም ሳታበላሹ ማውረድ እንኳ አትችሉም። ብታምኑኝ ምን ልጠቀም...

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1992። ሐሙስ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ቦታው ምሥራቅ ፊንላንድ፣ ስሙን የማልጠራው ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ።

ሌሊት አልነበረም። አስፈሪ ነገር በሌሊት ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ሕፃናት ናቸው። ፀሐይ ግን ገብታለች። በዚህ ወር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትገባለች።

ማርዩት እባላለሁ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ተማሪ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። የጣውላ ፋብሪካው ሲዘጋ ከሥራ ወጣሁ። ሌላው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲተክዝ እኔ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንም የማይነካውን የኮምፒውተር መመሪያ አነበብኩ። ሦስት ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር። የክፍሉ ኃላፊ ኦስሞ የማውቀውን አየና "ነይ፣ ተጠቀሚ" አለኝ። ያለ ደመወዝ።

ኦስሞ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ አሮጌ የቴፕ ጥቅል አለው። የሃያ ዓመት ምርምር ነው። የሚያነባቸው ፕሮግራም ግን የት እንደገባ አይታወቅም። እስከ ዓርብ፣ ዲሴምበር 4፣ አሥር ሰዓት ድረስ ፕሮግራሙን አግኝቶ ያሠራ ሰው የስድስት ወር ሥራ እንዳለው ነገረን።

በዚያ ዓመት በከተማችን የስድስት ወር ሥራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሥራ አጥ አላስረዳም። ሥራ ላለውም አላስረዳም።

ሁሉም ሥራው የያርኖ ነው ይል ነበር።

ያርኖ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨዋማ ጥቁር ከረሜላ ያኝካል። እኔን የሚጠራኝ "ጣውላ" ብሎ ነው። ጣውላ፣ ማተሚያው ወረቀት ጨርሷል። ጣውላ፣ ቦት ጫማሽን በር ላይ አውልቂ። ፋይል ሲያወርድ ደግሞ ትክክለኛውን ትእዛዝ መስጠት ረስቶ የተበላሸ ነገር ይዞ ይመጣና ኮምፒውተሩን ይሳደባል።

ሲሠራም ይዘፍናል። በተማሪዎቹ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ የሱ ነው። ዲሴምበር 6፣ በነፃነት ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻውን ሊዘምር ተመርጧል።

ድምፁ... እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

አሁን ለማያውቁ፣ ማለትም ለአብዛኞቻችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ነፃ ፕሮግራም ለመውሰድ ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር ውስጥ በእንግድነት ትገባላችሁ። ስም ሲጠይቃችሁ "ስም የለሽ" ትላላችሁ። የይለፍ ቃል ሲጠይቃችሁ ደግሞ የራሳችሁን የኢሜይል አድራሻ ትጽፋላችሁ። ማንም አያጣራም። ጨዋነት ነው። ጫካ ውስጥ ባለ ክፍት ጎጆ አድራችሁ ጠዋት መዝገቡ ላይ ስማችሁን እንደምትጽፉት ማለት ነው።

እኔ አንድም ቀን ስሜን ጽፌ አላውቅም።

የምጽፈው የያርኖን አድራሻ ነበር። በሥራ ሰዓት ትልቅ ፋይል ስወስድ የሩቁ ኮምፒውተር ኃላፊዎች ይናደዳሉ፤ የቁጣው ደብዳቤ ለያርኖ ይደርሰዋል። ሁለት ጊዜ ኦስሞ ፊት ቆሞ "እኔ አይደለሁም" ሲል አይቼዋለሁ።

ጣፋጭ ነበር።

ያን ሐሙስ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እነዚህ ልጆች ከድብ ይልቅ ስልክ ይፈራሉ። አነሳሁት።

"ማርዩት።"

ሽማግሌ ወንድ ነው። እንደ አገራችን ስዊድንኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ይጎትታል።

"ማነው?"

"ጻፊ።"

አራት ቁጥሮች አነበበልኝ። የኮምፒውተር አድራሻ ነው።

"የቴፑ ፕሮግራም እዚያ አለ። ሰባት ቁራጭ ነው። በቀን አንድ..."

"ማነህ ነው የምልህ።"

ስልኩን ዘጋ። የሆነ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ የገባኝ ስልኩን ከሰቀልኩ በኋላ ነው።

ሰው ሲናገር ይተነፍሳል። ይሄ አልተነፈሰም።

የተማሪ ቀልድ ነው ብዬ ገባሁ። "ስም የለሽ" አልኩ። የያርኖን አድራሻ ጻፍኩ።

ሁሉም ኮምፒውተር እንግዳውን በእንግሊዝኛ ነው የሚቀበለው። ይህ በፊንላንድኛ ተቀበለኝ። በከተማው ቋንቋም አይደለም፤ በገጠራችን አነጋገር።

*ና ያርኖ። ደጅ አትቁም፣ ብርድ ይገባል። የእንግዳ ብዛት፦ 1።*

ሰባት ፋይሎች ተደርድረዋል። አጠገባቸው ቀናቸው አለ። የመጀመሪያው የዛሬ። ሁለተኛው... የነገ። ቅዳሜና እሑድን ዘሎ ሦስተኛው የሰኞ። ሰባተኛው የዲሴምበር 4።

ገና ያልመጡ ቀኖች ናቸው።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ተበላሽቷል አልኩ። ጅል አይደለሁም። ግን ሥራውን እፈልገው ነበር።

የመጀመሪያውን አወረድኩ። ሲያልቅ ሁለት መስመር ወጣ።

*ተቀብለሃል፦ 61,440።*

*ሰጥተሃል፦ 61,440።*

እኔ የላክሁት ነገር የለም።

ከክፍሉ ማዶ ያርኖ ዘፈኑን አቋረጠ፤ ሳል ያዘው።

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ሁለተኛውን ወሰድኩ። በሌላ ሰዓት ሞክሬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የለም ይላል። ዘጠኝ ሲሆን ይከፈታል። በዚያው ምሽት ያርኖ አንድ ቀልድ ሰምቶ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን አየር ብቻ ነበር።

ሰኞ የመዘምራኑ መሪ ሐኪም ዘንድ ላከው። ሐኪሙ ጉሮሮህ እንደ ሕፃን ንጹሕ ነው ብሎ መለሰው። ማክሰኞ ዝቅ ያለውን ድምፁን አጣ። ረቡዕ ከፍ ያለውንም።

አዘንኩለት እንድላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ክፍሉ ጸጥ ብሎልኝ በደንብ ሠራሁ።

ሐሙስ በተማሪዎቹ መመገቢያ እንደ ሁልጊዜው የአተር ሾርባ ነበር። ያርኖ ሳህኑን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም።

"ማርዩት..."

ሹክሹክታ ነው። በስሜ ሲጠራኝም የመጀመሪያው ነው።

"ምን?"

"እናቴ እሑድ ትመጣለች።"

"እና?"

"ከኬሚ። በባቡር። ስዘምር ልትሰማ..."

"ባቡሩ መንገዱን ያውቀዋል።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። ሾርባው ስስ ሽፋን እስኪይዝ ድረስ ቁጭ ብሎ አየው።

በዘጠኝ ሰዓት ስድስተኛውን ጀመርኩ። ፋይል ሲወርድ ስክሪኑ ላይ # # # እያለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ጉርሻ ነው። ያርኖ ከበስተጀርባዬ ቆሞ ከወረቀት ላይ የሆነ ዝርዝር ለኦስሞ ያነብለታል። በተረፈችው ሹክሹክታ።

#

ሹክሹክታው ሳሳ።

#

ይበልጥ ሳሳ።

"ምን አልክ?" አለ ኦስሞ።

ማውረዱን አገድኩት። ምልክቱ ቆመ፤ የያርኖም ድምፅ መሳሳቱን አቆመ። ለቀቅኩት። #... ሳሳ። አገድኩት። ቆመ።

ሦስት ጊዜ አደረግኩት። አንዴ ለማየት። ሁለተኛውን ለማረጋገጥ። ሦስተኛውን ለምን እንዳደረግኩት እዚህ አልጽፍም።

ከዚያ ለቀቅኩትና አለቀ።

*ሰጥተሃል፦ 61,440።*

ዞር ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቱን እያነበበ ነው። ምንም አይሰማም።

ዓርብ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ያርኖ ኮሪደሩ ላይ የግድግዳ ማሞቂያውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ለእናቱ "አትምጪ" ብሎ ስልክ እንኳ መደወል አይችልም።

ስድስቱ ቁራጮች ያለ ሰባተኛው ቆሻሻ ናቸው፤ አይገጣጠሙም። ባልወስድ ሥራው ቀረብኝ። በያርኖ ስም ብወስድ... ስድስቱ ምን እንዳደረጉት አይቻለሁ። ሰባተኛው የሚተውለት ነገር አልነበረም።

ደግ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ያን ልጅ አልወደውም፤ ዛሬም አልወደውም።

ግን ከያርኖ? ስድስት ወር ሙሉ በሱ ጉሮሮ እንጀራዬን ልብላ? ከዚያ ሰው እጅ አንዲት ጥቁር ከረሜላ እንኳ ተቀብዬ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት።

"ስም የለሽ።"

የይለፍ ቃል ሲጠይቀኝ የራሴን አድራሻ ጻፍኩ። እጄ ፊደሎቹን እየፈለገ ነው የጻፈው። በዚያ ቦታ ጽፌው አላውቅማ።

*መጣሽ ማርዩት። ቆየሽ። በሩን ዝጊው።*

የክፍሉ በር ከሥሩ የጎማ ሽብልቅ ተሸጉጦበት ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ከኋላዬ... ቀስ ብሎ... ተዘጋ።

አልዞርኩም። ሰባተኛውን አዘዝኩ። # # # # ... ጉሮሮዬ ውስጥ ምንም አልተሰማኝም። ሕመም የለም። ኮት ከትከሻ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው ዓይነት ብቻ።

*ተቀብለሻል፦ 61,440።*

*ሰጥተሻል፦ 430,080።*

በወረቀት አባዛሁት። ስድሳ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ፣ ሰባት ጊዜ። የሱንም የእኔንም፣ ልክ።

በዚያው ሰዓት ከበሩ ማዶ ያርኖ መዝፈን ጀመረ። መጀመሪያ ሻካራ። ከዚያ ወፍራም፣ ሙሉ። መሃል ላይ አለቀሰ መሰለኝ።

ቁራጮቹን ገጣጠምኩ። ኦስሞ የመጀመሪያውን ቴፕ ሰቀለ። ስክሪኑ ላይ የሃያ ዓመት ቁጥር መውረድ ጀመረ። ኦስሞ ወደ እኔ ዞረ።

"ሥራው ያንቺ ነው" አለ። "ምን ትያለሽ?"

አፌን ከፈትኩ።

...

በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። ያ በቃው፤ ፊቱን መልሶ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከኋላ ቆሜ ያርኖን ሰማሁት። የፊተኛው መደዳ ላይ ሰማያዊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ትንቀጠቀጥ ነበር። ሳያልቅ ወጣሁ።

ይህ ሥራ ድምፅ አይፈልግም። ኦስሞ መናገር ማቆሜን ያስተዋለው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ፊንላንድ ነው እኮ፤ ዝም ያለ ሰው አያስገርምም። ቀድሞ ያወቀው ያርኖ ነው። "ጣውላ፣ መሳደብ ተውሽ እንዴ?" አለኝ። እየሳቀ። መልስ ሲያጣ ሳቁን አቆመና ከረሜላውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። አልነካሁትም።

ቁጥሩን ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የለም ይላል። በዘጠኝ ሰዓትም።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር።

ዛሬ ፌብሩዋሪ 11 ነው። ሐሙስ። ባለፈው ሳምንት ኢልፖ የሚባል አዲስ ተማሪ መጥቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ቀይ ነው፤ የሰው ዓይን ቀና ብሎ አያይም። አንድ የማያገኘውን ፕሮግራም ሲፈልግ ሰንብቷል።

በዘጠኝ ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

ፀሐይ ገና አልገባችም። መስኮቱ በብርሃን ተሞልቷል። ኢልፖ ቅርብ ስለነበር አነሳው። እኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ።

ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ። ስለታም ነው። አነጋገሩ የጣውላ ፋብሪካው ሰፈር ነው።

"ኢልፖ።"

የኔ ነው።

"ማነው?" አለ ልጁ።

"ጻፍ።"

ጮህኩ። ምንም አልወጣም። ጠረጴዛውን በእጄ ደበደብኩ። ኢልፖ ፊቱን አጨማዶ ወደ እኔ ዞረና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ዝም በይ።

ዘልዬ የስልኩን መዝጊያ በመዳፌ ተጫንኩት። ኪው ብሎ መስመሩ ተቋረጠ።

ልጁ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም። ብዕሩም አልቆመም። ከተዘጋው ስልክ ውስጥ የእኔ ድምፅ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ታነብለታለች...

ሳትተነፍስ።