የአቶ መሸሻ መቀመጫ

አቶ መሸሻ ከግቢያቸው አጥር ጎን ካለው ቦይ ውስጥ ሞተው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነበር። ሐኪሙ «ጭንቅላታቸውን ድንጋይ መቷቸዋል፤ ወድቀው ይሁን ተገፍተው ግን አላውቅም» አለ።

ልጃቸው ፊሊሞን ግን አላመነታም። «እሁድ ማታ ከቁስቋም ማርያም ስንመለስ በር ላይ አውርደናቸው ገባን። አብራር ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ነበር» አለ። በዋዜማው አቶ መሸሻና ባለሱቁ አብራር በፍሳሽ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ኢንስፔክተር ሮሐ ሌላ ሳትጠይቅ አብራርን አሰረችው። ጉድ እኮ ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራች መርማሪ!

ማክሰኞ የሟቹን ጫማ ስታይ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ጫማው እስከ ማሰሪያው ቀይ ጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ተጣብቆበታል። የአቶ መሸሻ ደጅ ደግሞ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ቦዩም ግንብ ነው፤ ባሕር ዛፍም በአካባቢው የለም። ሮሐ ቀጥ ብላ ለቅሶ ቤት ሄደች።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው ፊሊሞንን። «አባባ መኪናው ውስጥ የት ነበር የተቀመጡት?»

«ከኋላ፣ ከልጆቹ ጋር።»

«ሽማግሌ ከኋላ? ጋቢናስ?»

«ሰርካለም ነበረች። መኪና ያዞራታል።»

ሮሐ ወደ ሚስቱ ዞረች። «ልጆቹ አላስቸገሩም?»

«ኧረ! ሦስቱም በየወንበራቸው ቀበቷቸው ታስሮ ተኝተው ነው የመጡት።»

«ዝናብስ አላገኛችሁም?»

«ቤት ከገባን በኋላ ነው የጀመረው። ቤተ ክርስቲያን ሳለንማ አቧራው ነበር ያስቸገረን» አለች ሰርካለም፤ ባሏ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ሮሐ መኪናውን አየች። ሦስቱ የልጆች ወንበሮች ከበር እስከ በር ተጠባብቀዋል። እሁድ ጠዋት ፊሊሞን በጉልበቱ እየገፋ ሲያስገባቸው ጎረቤት ቆሞ ሲስቅበት ነበር አሉ። በወንበሮቹ መሀል እጇን ልትሰድ ሞከረች፤ ጣቷ እንኳ አልገባ አለ። ስልኳን አውጥታ አብራርን እንዲያመጡት አዘዘች።

ቤተሰቡንና ጎረቤቱን መኪናው ዙሪያ ሰበሰበች። አብራርም በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆመ።

«ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ» አለች። «ፊሊሞን፣ እስቲ አባትህ የተቀመጡበት ላይ ቁጭ በል።»

ፊሊሞን የኋላውን በር ከፈተ። አንድ እግሩን አስገባና እዚያው ቀረ።

«ቦታ የለም» አለች ሮሐ። «በሦስቱም ወንበር ላይ ልጅ ነበረ፣ ጋቢናውም ተይዟል። አባባ ከእናንተ ጋር አልመጡም። ቤተ ክርስቲያን ሳላችሁ መሬቱ አቧራ ነበር፤ ጫማቸው ግን ጭቃ ነው። ቀይ አፈርና ባሕር ዛፍ ያለበትን የቁስቋምን ቁልቁለት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ በእግራቸው ነው የወረዱት። ደጃቸው ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ቦዩ ጋ አዳለጣቸው። አብራር ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ሱቁን ዘግቶ መግባቱን ጎረቤቱ አይቷል፤ አልነካቸውም።»

ፊሊሞን እግሩን ከመኪናው አወጣ።

«ጠዋት በታክሲ ነበር የሄዱት፤ ሲመለሱም ታክሲ ይያዙ ብያቸው ነበር» አለ። «‹እናንተ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ፣ እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ› አሉኝ። ማታ ክፍላቸው ዝግ ነበር፤ ተኝተዋል ብዬ... ጠዋት ሳገኛቸው... በቃ፣ አባቱን ዳገት ላይ ጥሎ መጣ እንዳልባል ብዬ...»

«እኔ ነኝ!» አለች ሰርካለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። «ልውረድና አባባ ይግቡ ማለት አቅቶኝ!»

ሰው ምን ይለኛል! ይቺ ነገር ስንቱን አስዋሸች፣ ስንቱን አሳሰረች!

ሮሐ ካቴናውን በራሷ እጅ ፈታች። «አንድም ነገር ሳላጣራ አሰርኩህ፤ ይቅር በለኝ» አለችው አብራርን። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

አብራር ግን የሚያየው ፊሊሞንን ነበር።

«ስልኬ አለህ አይደል?» አለው ዝግ ባለ ድምፅ። «ብትደውልልኝ ኖሮ ወጥቼ አዝያቸው እመጣ ነበር እኮ።»

አብራር ዓይኑን ጠረገና የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገባ። ለቀስተኛው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው።