ክንፏ ቀይ ነው

ሠዓሊዋ ቆሽቷ አርሯል። ለጫካው አእዋፍ መጽሐፍ ከሣለቻቸው ሥዕሎች ሁሉ አንዷን፣ ፍሬ በሏን ወፍ፣ የወፎቹ አጥኚ ዛሬም መልሶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለላት።

«ቀዩን አጥፊው አላልኩሽም? ስንት ጠዋት ሾላው ሥር ተቀምጬ አይቻታለሁ። ፍሬ ስትለቅም አረንጓዴ ናት፤ ቀይ የሚባል ነገር የላትም።»

«ስትበር ግን ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እንግዲያው ሌላ ወፍ ነው ያየሽው። እኔ ካላየሁ አላምንም።»

ሁለቱ በዚያው ጫካ ዳቦ ተካፍለው የበሉ፣ ዝናብ ሲመጣ በአንድ ጃኬት የተጠለሉ ሰዎች ናቸው። ፍቅር የሚለውን ቃል አንዳቸውም አላወጡትም እንጂ ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

ብሩሿን አጥባ ወጣች፤ አልተመለሰችም። በሳምንቱ ሩቅ ከተማ የሥዕል መምህርነት ማግኘቷን ሰማ። ኩራቱ ግን ስልክ አላስደወለውም።

እየተበሳጨ ወደ ሾላው ሄደ። ወፏ እንደ ልማዷ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትሮጣለች፤ ፍሬውን ትውጣለች፤ ክንፏን ግን አትዘረጋም።

«ኧረ ብረሪ!» ብሎ ጮኸባት።

ደንግጣ ተነሳች። በላዩ ስታልፍ ቅጠሉ መሐል እሳት የተለኮሰ መሰለው።

በዚያው እግሩ ሠዓሊዋ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተው ታላቅ ወንድሟ ነው።

«አሁን ነው የምትመጣው? ሻንጣዋን እኮ እያዘጋጀች ነው» አለና አስገባው።

«አየኋት» አላት። «ልክ ነበርሽ።»

ፊቷ አልተፈታም። «ያስከፋችኝ ወፏ መሰለችህ? አንድ ነገር ስነግርህ ካላየሁ አላምንም የምትል ሰው፣ ዕድሜ ልኬን አብሬህ እንዴት ልኖር ነበር?»

ካፏ ያመለጣትን ስትሰማ ራሷም ደነገጠች።

«እንደዚያ... አስበሽ ነበር?»

«ነበር አልኩ!»

«ቅሪ አልልሽም። ሥራው ይገባሻል። ብቻ... እሑድ እሑድ ልምጣ?» አላት።

«እሑድ ልብስ አጥባለሁ።»

ሻንጣው አልዘጋ ብሏት ታገለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጫፍ ገጥሞ ያዘላት። ዚፑን ሳበች።

«ቅዳሜ ና» አለችው፣ ቀና ሳትል።